ሲኒማ ቤት ያለቀስሽው ለቅሶ

ውድ የሺ፣

ካረፍሽ ዛሬ ዘጠና ሦስት ቀን ሆነ። ቀን መቁጠር የሥራዬ ልማድ መሆኑን ታውቂያለሽ። ጀማሪ ሪፖርተር «በቅርቡ» ብሎ ሲጽፍብኝ «መቼ?» ብዬ ጽሑፉን እመልስበት ነበር። ስለዚህ ለአንቺም «ከሄድሽ ወዲህ» ብዬ አላልፍም። ዘጠና ሦስት ቀን ነው። አርባሽን አውጥተናል፤ ሰማንያሽም እንደ አቅማችን ወጥቷል።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልሽ ውሸት ይሆናል። በረንዳው ላይ ያሉት አበቦችሽ ግማሾቹ ሞተዋል። ውኃ እንዳይጠማቸው ብዬ ለካ አብዝቼባቸው ኖሯል። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር የሚንቀጠቀጠው የመኝታ ቤቱ መስኮት፣ አንቺ ካርቶን እየቀደድሽ የምትወትፊው፣ አሁን እንደ ልቡ ይንቀጠቀጣል። እናትሽ ደህና ናቸው። ማለቴ፣ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ደህና ነበሩ። የምጽፍልሽም ስለዚህ ነው። ግን በቅደም ተከተል ልንገርሽ።

ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ አለቃዬ ጠራኝና የወዳጅ አገሮች የፊልም ሳምንት ሊከፈት ስለሆነ ሦስት ታሪካዊ ፊልሞች አይቼ አስተያየት እንድጽፍ አዘዘኝ። «ትንሽ አየር ትወስድበታለህ» አለኝ። ሐዘንተኛ መሆኔን አስቦ ነው። እኔም እሺ አልኩ።

በመጀመሪያው ቀን የታየው ስለ አንዲት የተከበበች ከተማ ነበር። ጠላት በሯ ላይ ሰፍሯል፤ ውስጥ ያለው ሕዝብ ይራባል፤ አዛዡ እጄን አልሰጥም ይላል። ጭሱ፣ ፈረሶቹ፣ የግንቡ ቁመት፣ ሁሉም ግሩም ነው። እኔ ግን እንደ ልማዴ ስሕተት ስፈልግ ነበር። አንድ ወታደር ቆስሎ ከግንቡ ላይ ሲወድቅ ክንዱ ተዘረጋ፤ የእጅ ሰዓት የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነጣ ያለ መስመር አየሁ። የዛሬ አራት መቶ ዓመት ሰው! ደስ ብሎኝ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ላሳይሽ ወደ ግራ ዞር አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ምን ፈለግህ በሚል ዓይን አየኝ።

ሁለተኛው የቤተ መንግሥት ታሪክ ነው። አንድ ንጉሥ ሹማምንቱን እየጠረጠረ አንድ በአንድ ያስገድላል። የንጉሡ ዜና ጸሐፊ ደግሞ ከእያንዳንዱ ሞት በኋላ ይጠራል። ብዕሩን ይቀርፃል፣ ቀለም ይነክራል፣ «በሕመም ሞተ» ብሎ ይጽፋል። አራት ጊዜ ይጽፈዋል፤ በአራተኛው የገዛ ወንድሙ ነው የሞተው። እንደ በፊቱ ጨርሶ መዝገቡን ይዘጋል። በዚያ ቦታ ላይ አዳራሹ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም። አጠገባችን ያለው ሰው ምን እንደሚያስብ ሁላችንም ስለምናውቅ ማንም ወደ ጎረቤቱ አልዞረም። እኔ ስለ ንግሥቲቱ ልብስ ጥልፍ ሁለት መስመር ጽፌ ወጣሁ።

ሦስተኛውን ልንገርሽ። የገበሬዎች አመፅ ነው፤ አመፁ ይከሽፋል። የንጉሡ ጦር መንደሩን አልፎ ከሄደ በኋላ ሴቶቹ ሬሳ ሊያጥቡ ወደ ወንዙ ይወርዳሉ። አንዷ ባሏን ስትፈልግ ውላ አታገኘውም። በመጨረሻ ማንም ያልጠየቀው፣ እሷም የማታውቀው አንድ ወጣት ዘንድ ትቀመጣለች። ፊቱን ታጥበዋለች። ፀጉሩን በጣቷ ታበጥራለች። ከዚያ በባሏ ስም ትጠራዋለች፤ እየጠራችም ታለቅስለታለች። ሌሎቹ ሴቶች የሷ ባልሆነ ሬሳ ላይ እንደምታለቅስ እያወቁ ዝም ይሏታል። አንዷ እንዲያውም ሥራዋን ትታ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች።

ማስታወሻዬ ላይ ከዚህ በኋላ የተጻፈ ነገር የለም። የሺ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር እዚያ ወንበር ላይ ገባኝ። አንቺ ታለቅሺ የነበረው ለፊልሙ አልነበረም።

ታናሽ ወንድምሽ ጌታሁን እኛ ዘንድ እየኖረ ይማር ነበር። በዚያ ክፉ ዓመት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከግቢያችን በር ላይ ወሰዱት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ጎመን የምትሸጥልን ሴትዮ ጆሮሽ ላይ አንድ ነገር አለችሽና በቤት ልብስሽ ሮጥሽ። ስትመለሺ ምን እንዳየሽ መጠየቅ አላስፈለገኝም። መንገድ ዳር ነበር፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፎ። ሬሳውን እንኳ አልሰጡሽም። እኔ በዚያች ሰዓት ያደረግሁትን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። መስኮቶቹን ዘጋሁ። ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ። አፍሽን በእጄ ያዝኩ። «የሺ፣ ድምፅሽን። በእናትሽ፣ ድምፅሽን» አልኩሽ። ለእንደሱ ላለ ሟች ማልቀስ የሚያስቀጣበት ሰሞን ስለነበር ፍርሃቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። ይህን የምጽፈው ግን ራሴን ነፃ ለማውጣት አይደለም። ፍርሃቱ የዘመኑ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው የእኔ ነው። አንቺ ድምፅሽን ዋጥሽ። አውሮፕላን ሲነሣ ብቻ፣ ቤቱ በጩኸት ሲሞላ፣ አንድ ድምፅ ከደረትሽ ይወጣ ነበር። አውሮፕላኑ ሲርቅ ታቆሚያለሽ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን እናትሽ ልጄ ድምፁን አጠፋብኝ ብለው ከደብረ ብርሃን መጡ። እኔ ቀድሜሽ ተናገርሁ። «ሱዳን ገብቷል» አልኳቸው። በመተማ በኩል ነው አልኩ። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ነው አልኩ። የጓደኞቹን ስም ሳይቀር ፈጥሬ ሰጠኋቸው። ዝርዝር ያለው ነገር እንደሚታመን ከጋዜጣ ተምሬያለሁ። እናትሽ «ተመስገን! እግሩን ያቅናው» ብለው መሬት ሳሙ። አንቺ ወደ ጓዳ ገባሽ።

ለጥቂት ወራት ነው ብዬሽ ነበር፤ ነገሩ እስኪበርድ። ከዚያ አባትሽ አረፉና እናትሽ ጓዛቸውን ጠቅልለው እኛ ዘንድ መጡ። ያን ጊዜ ልንነግራቸው እንችል ነበር። «ሐዘን በሐዘን ላይ አይሆንም» አልኩሽ። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ከሥራ ስመለስ የእናትሽ የመጀመሪያ ጥያቄ ያው ነበር። «የሱዳን ወሬ አለ?» እኔም መልስ አላጣም ነበር። አንድ ክረምት እዚያ ጎርፍ ሆነ ተብሎ በሬዲዮ ሰምተው ሲንቀጠቀጡ «እሱ ያለው ደጋው ላይ ነው፤ ውኃ አይደርስበትም» ብዬ አጽናናኋቸው። ይህን ስል አንቺ ሰሐን ታጥቢ ነበር፤ ውኃውን ከፍተሽ ለቀቅሽው።

ሲኒማ አብረን መሄድ የጀመርነው ጌታሁን በሞተ ሰሞን ነው። ለጋዜጣው የሚሰጠው መግቢያ ለሁለት ሰው ነበርና። ሕንዱም፣ የወዳጅ አገሩም፣ የፈረንጁ የጥንት ታሪክም ለአንቺ አንድ ነበር። ጦርነት ካለበት፣ የሚሞት ልጅ ካለበት ትመርጪዋለሽ። የሚያስቀውን አትወጂም። መብራቱ እንደጠፋ ትጀምሪያለሽ፤ ገና ፈረሶቹ ሲሰለፉ፣ ድምፅ አውጥተሽ። ሰው ዞሮ ያየናል። እኔ በክርኔ እጎስምሻለሁ። አንድ ጊዜ ከኋላችን የተቀመጠ ጎረምሳ «እትዬ፣ አይዞሽ፣ ፊልሙ ሲያልቅ ይነሣል!» ብሎ አዳራሹን አሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስንወጣ ፊትሽ ተፈትቶ፣ ቀለል ብሎሽ፣ ውይይት ታክሲው ውስጥ እስከ ቦሌ ድረስ ስለ ፈረሶቹ ታወሪኛለሽ። ፊልም የምትወድ ሚስት አለችኝ እያልኩ ለባልደረቦቼ እኮራ ነበር።

የወንድምሽን ስም አንስተሽ አታውቂም። እኔም ረስተሽዋል ብዬ አምኜ ነበር። ማመኑ ይመቸኝ ነበር።

ከዚያ ያችን ጽሑፍ ጻፍኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለማዋዛት የምጽፋት ትንሽ ዓምድ ላይ ቦታ ጎደለኝና እንዲህ አልኩ፦ «ባለፈው እሑድ አንዲት ወይዘሮ ለቅሶዋን ይዛ ሲኒማ ገባች። ተዋናዩ ገና ሳይቆስል እሷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። ለሲኒማ ቤቱ እድር ሳያስፈልገው አይቀርም።» ስም አልጠቀስኩም። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። በጋዜጣ ዘመኔ ሳላውቀው የጻፍኩት እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ቢኖር የዚያች ጽሑፍ የመጀመሪያው ነው።

አንቺ እንደ ሁልጊዜው ጋዜጣውን የፊደል ስሕተት እየለቀምሽ ነበር የምታነቢው። አንብበሽ ጨረስሽና «‹ለቅሶዋን ይዛ› ያልካት ጥሩ ናት» አልሽኝ። በሚቀጥለው እሑድ ጉልበቴን አሞኛል አልሽ። በሚቀጥለውም። እስክታርፊ ድረስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲኒማ አልገባሽም። እኔም የጉልበት ቅባት ገዝቼልሽ ነበር። ቤት ውስጥ እንዳታለቅሺ በእጄ ከለከልኩሽ፤ ከሲኒማ ቤት ደግሞ በጋዜጣ አስወጣሁሽ። ሦስተኛ ቦታ አልነበረሽም።

ከፊልሙ ወጥቼ እስከ መስቀለኛው መንገድ በእግሬ ሄድኩ። የአርባሽ ቀን የሆነው ነገር ትዝ አለኝ። ቄሱ የሚጸልዩላቸውን ስሞች ሲጠይቁ እናትሽ በሙታኑ ተራ የአባትሽንና የአንቺን የክርስትና ስም ሰጡ። ቀጥለው ደግሞ «ከሕያዋኑ ኃይለ ሚካኤልን አይርሱብኝ፤ ሱዳን ነው» አሉ። የጌታሁን የክርስትና ስም ኃይለ ሚካኤል መሆኑን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ስምንት ዓመት አንድም ጊዜ ፍትሐት አልተደረገለትም። ስምንት ዓመት ሙሉ የተጸለየለት በሕያዋን ተራ ነው። ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ የክርስትና ስሙን፣ እኔ አልጠየቅሁም ነበር፤ ስም የሚሳሳት ሪፖርተር የማልምር ሰውዬ።

በማግሥቱ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ። ደንብ አጥባቂነታቸውን ታውቂያለሽ። መዝገባቸውን ገለጡና መነጽራቸውን አደረጉ።

«ማነው የሞተው?»

«የባለቤቴ ወንድም።»

«መቼ?»

«ስምንት ዓመት ሆነው።»

መነጽራቸውን አወለቁ። የሰፈሩ ሰው ናቸውና የትኛው ዓመት እንደሆነ መቁጠር አላስፈለጋቸውም። «እናቱ ሰምተዋል?» አሉኝ። አልሰሙም አልኳቸው። «እንግዲያው ይኼ ሞት ሳይሆን መርዶ ነው። የመርዶ ቀኑ የተነገረበት ቀን ነው። ድንኳኑ ይተከላል» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጨመሩ፦ «ቀበሌ ቢጠይቀኝ ግን በሕመም ነው የሞተው እላለሁ። አንተም እንዲያው በል።»

«ጋሽ ደምሴ፣ እሷን እንኳ አልልም» አልኳቸው። «ዝም እላለሁ እንጂ።»

ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጡ፤ ጋሽ ደምሴ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እትዬ ዘርፌ፣ ያች የአጥር ጎረቤታችን። እናትሽ ከኪዳን ተመልሰው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። መርዶ ነጋሪዎቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በበሩ ሲገቡ አዩዋቸው።

«ምነው?» አሉ። «ማን ቀረኝና ነው የመጣችሁት?»

ሽማግሌዎቹ ከፊታቸው መጥተው ቆሙ።

«ማን ቀረኝና?» አሉ እንደገና፤ በዚህ ጊዜ ቀስ ብለው ነበር፤ እየቆጠሩ ይመስላል። ባል፣ ሴት ልጅ። ከዚያ ዓይናቸው እኔ ላይ አረፈ። ጋሽ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊጀምሩ ሲሉ እናትሽ በእጃቸው አስቆሟቸው። «አንተ ተናገር። ወሬውን ስታመጣልኝ የኖርከው አንተ አይደለህ?» አሉኝ።

ተናገርኩ። ሱዳን አልሄደም አልኳቸው። መተማ አልደረሰም አልኳቸው። ሁለቱን ጓደኞቹን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው አልኩ። ጎርፉንም ነገርኳቸው። የሺ፣ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። አውሮፕላን አልሸፈነውም። ለቅሶ የሰማ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ከኋላ የደረሰችው የታችኛው ግቢ ሴትዮ ለአንቺ የሚያለቅሱ መስሏት «እማማ በላይነሽ፣ እንግዲህ ይበቃል፤ እሷስ በወግ ተቀብራለች» ስትል «የሷን አይደለም የማለቅሰው!» ብለው ጮኹባት። «የጌታሁንን ነው! የልጄን ነው! ዛሬ ነው የሞተብኝ!» ሴትዮዋ አፏን ይዛ መሬቱ ላይ ተቀመጠች። ከቀበሌ አንድ ሰው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ድንኳኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ሄደ። ነገ ይጠራኝ እንደሆን አላውቅም።

ፍትሐቱም ተደረገለት።

በሦስተኛው ቀን ሰው ከተበተነ በኋላ እናትሽ ጠየቁኝ። «የሺ ታውቅ ነበር?»

ከሁሉም በላይ የፈራሁት ይህችን ነበር። አታውቅም ነበር ብዬ አንቺን ማዳን እችል ነበር፤ አፌ ላይም መጥቶ ነበር። ግን አንቺን በውሸት ለማዳን ስነሣ ስንተኛዬ ነው? «ታውቅ ነበር» አልኳቸው። «ያየችውም እሷ ናት። እንዳትነግርዎ የከለከልኳት እኔ ነኝ።»

«አንድ ገበታ ላይ እየበላን?» አሉ። ከዚያ ለአራት ቀን አላነጋገሩኝም። ምግቤን ያቀርቡልኛል፤ ፊታቸውን አያሳዩኝም።

ዓርብ ዕለት ራሳቸው ጀመሩ። ጀርባቸውን ሰጥተውኝ እንደቆሙ «እንግዲያ ልጄ ለወንድሟ ሳታለቅስ ሞተች» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ከሁሉ የከበዳቸው ይህ እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

«አልቅሳለች፣ እማማ። ስድስት ዓመት አልቅሳለች። ሲኒማ ቤት ነው ያለቀሰችው።»

«ምን ቤት?»

ነገርኳቸው። ጨለማ እንደሚሆን፣ ሰው ሁሉ ወደ ፊት እንደሚያይ፣ እዚያ ቢያለቅሱ ለማን ነው ብሎ የሚጠይቅ እንደሌለ። ያችን ጽሑፌንም ነገርኳቸው። ዞረው አዩኝ። የሚሰድቡኝ መስሎኝ ነበር። «ውሰደኝ» አሉኝ።

ትናንት እሑድ የስምንት ሰዓቱን ሄድን። የተገኘው የቀልድ ፊልም ነበር፤ ሌላ ሳምንት ይሻላል ብላቸው እምቢ አሉ። አዳራሹ በር ላይ ስንደርስ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። «እማማ፣ እዚህ አያስፈልግም» አልኳቸው። «ያለቀሰችበት አይደለም?» ብለው ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። የት ትቀመጥ እንደነበር ጠየቁኝ። ከኋላ ሦስተኛው ረድፍ፣ የዳሩን ወንበር አሳየኋቸው። እዚያ ተቀመጡ።

መብራቱ ጠፋ። አንድ ወፍራም ሰውዬ ከመሰላል ላይ ቀለም በርሜል ውስጥ ወደቀ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እናትሽ ሸራውን ቀና ብለው እንኳ አላዩም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው በስምሽ ጀመሩ፣ በሱ ስም ቀጠሉ፣ ሁለታችሁን እያፈራረቁ። ከፊታችን ያለው ሰው ዞረ።

«እማማ፣ ምን ሆኑ? ቀልድ እኮ ነው!»

«ሳቅ፣ ልጄ፣ ሳቅ» አሉት። «ማን ከለከለህ?»

እኔ እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። አልጎሰምኳቸውም፤ ድምፅዎን አላልኳቸውም። ሰውየው ጥቂት ቆይቶ እንደገና ዞረና እኔን ሲያየኝ «እርስዎም?» አለኝ። ማልቀሴን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

እናትሽ ይቅር አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም። አንቺን ግን መጠየቅ ነበረብኝ፤ ጊዜ በነበረኝ ጊዜ። አሁን ማድረግ የምችለው ማስታወስ ብቻ ነው፤ እሱንም እንደ በፊቱ እየመረጥኩ አላደርገውም። ከፊልም ስትወጪ የምታወሪኝን ብቻ አላስታውስም፤ ጨለማው ውስጥ የነበርሽውን የሺንም አስታውሳለሁ። ማን እንደሞተብሽ፣ ማን ዝም እንዳሰኘሽ፣ ያችን ጽሑፍ ማን እንደጻፈ፣ ሳላሳጥር፣ ቃል ሳልለውጥ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ።

ባለቤትሽ